ግራው ትንፍሽ አይልም

እናትየው የሻዩን ብርጭቆ ከባሏ በስተግራ አስቀመጠችና ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው፣ «ካንተ ጋር ከምኖር ከዚያ ቁም ሣጥን ጋር ብጋባ ይሻለኝ ነበር። እሱ ቢያንስ ሲነኩት ሲጢጥ ይላል» አለችው። አባትየው ቀና ሳይል ፈገግ አለና «ተባረኪ» ብሎ ሻዩን አነሳ።

በሩ አጠገብ ቆማ ጸጉሯን ስታበጥር የነበረችው ልጃቸው ማበጠሪያውን ጸጉሯ ውስጥ እንደሰካች ደርቃ ቀረች። ሰፈሩ «አፈኛዋ» ነው የሚላት። ትምህርት ካቆመች ወዲህ ሙሉ ጊዜዋን ለወሬ ሰጥታለች ብለው ያሟታል፤ እሷም ሐሜቱን አሳምራ መልሳ ታወራላቸዋለች።  ስድቡ አልነበረም ያስደነገጣት። ስድብ እዚህ ቤት እንደ ቧንቧ ውሃ ነው፤ አንዳንዴ ጠፋ ቢባል ተመልሶ ይመጣል። ያስደነገጣት ምርቃቱ ነው። ዓምና ቢሆን አባቷ ብርጭቆውን ቁጭ አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቁም ሣጥኑ ከነሲጢጡ ከእናትየው ወገን የመጣ የሰርግ ስጦታ መሆኑን አስታውሶ፣ እስከ ምሳ የሚዘልቅ መልስ በሰጠ ነበር።

እናትየው ለጎረቤት «ሰውዬው በስተርጅና ልብ ገዛልኝ» እያለች ታወራለች። ጎረቤቶቿም ባሎቻቸውን እያዩ ይተነፍሳሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የአባትየው ወንበር ከመስኮቱ ሥር ነው፣ የማዕድ ቤቱ በር ደግሞ በወንበሩ በስተግራ። ስለዚህ በዚህ ቤት የሚባለው ሁሉ በግራ በኩል ነው የሚባለው። ዛሬም እናትየው ባዶውን ሳህን ስታነሳ፣ ጥግ ላይ ያለው ፍሪጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ማደሩን፣ ይህንንም ከክረምት ጀምራ ስትናገር መክረሟን፣ ስንቱን ሞተር የሚያድን ሰው የቤቱን ፍሪጅ እንደ ባዳ ማየቱን አንድ ባንድ አስረዳችው። አባትየው ከመስኮቱ ውጭ እያየ ራሱን ነቀነቀ። ታጋሽ ሰው።

በሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ይህ ታጋሽ ሰው ስም የለውም፤ «ጆሮው» ነው የሚባለው። ረጅሙን ካቻቪቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፣ እጀታውን የግራ ጆሮው ላይ ይደግፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ የታመመችውን ነገር በስሟ ይጠራታል። ዕድሜው የጡረታን መስመር ካለፈ ቆይቷል። የጋራዡ ባለቤት የመኪና በሽታ የሚያነብ ኮምፒውተር ገዝቶ ሳለ እንኳ እሱን ያላሰናበተው ለዚህችው ጆሮ ሲል ነው፤ ይህንንም ሰው ፊት ይናገረዋል፣ አባትየውም ሰው ፊት ይሰማዋል፣ ቤት መጥቶም ይደግመዋል። ነገ ጠዋት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ይመጣል። ሹፌሩ አንድ ድምፅ ሰማሁ ብሏል፣ ኮምፒውተሩ ምንም የለም ብሏል፣ ባለቤቱ ደግሞ ጆሮው ሰምቶ ይሂድ ካለ ሰው ጭኖ ይሄዳል፣ ይቁም ካለ ይቆማል ብሎ ፈርዷል። አባትየው ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ የሰነበተው በዚህ ነው። ዘንድሮ ደግሞ መኪኖቹ ሁሉ ጤነኛ ሆነውለታል፤ የሰማውን ሞተር ሁሉ ንጹህ ነው ይላል። አንድ ንጹህ ያላት ታክሲ በነጋታው ተጎትታ ብትመለስ ጥፋቱ የነዳጁ ሆነ።

በዚሁ ደስታ ነው ሪሲቨሩን የገዛው። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ተራ፣ ከአሮጌ ምድጃና እግር ከሌለው ወንበር መሀል አንስቶ ያመጣው ነው። ሬዲዮውንም ድምፅ ማጉያውንም በአንድ ሆድ የያዘ፣ ሻንጣ የሚያህል፣ ፊቱ ብርማ፣ ሲበራ ሁለት መርፌዎች በመስታወት ውስጥ የሚወዛወዙለት ግርማ ያለው ዕቃ። ሪሲቨር ነው ሲል ጎረቤት ዲሹስ የት አለ ብሎ ጠየቀው፤ አላዋቂ ብሎ ተወው። እናትየው ድምፁን ካሰማኸኝ ከነመርፌው መንገድ ላይ ታገኘዋለህ ስላለችው፣ ያንን ቀን እንደ አጋጣሚ በቀኝ በኩል ቆማ ነበርና ሰምቷት፣ ትልቁን የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ነው የሚያዳምጠው። ታዲያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግራው ትንፍሽ አይልም። በቀኝ ዘፈን፣ በግራ ጭጭ። ሻጩን ሌባ ብሎ ሲረግም ሰነበተ።

ዛሬ ዕረፍት ነው፤ ዛሬ በሽታውን ሳያገኝ እንደማይተኛ ምሏል። ልጁን ጠርቶ ለጋራዥ ተማሪዎቹ የሚሰጠውን ትምህርት ሰጣት። የሚያነክስ ሞተር ሲመጣ የአንዱን ሲሊንደር እሳት ጫሪ፣ ካንዴላውን፣ ወደ ሌላው ትቀይሪያለሽ፤ በሽታው ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፣ ካልሄደ ጥፋቱ ሌላ ጋ ነው። ዕቃ ይዋሻል፣ ቦታ መለዋወጥ ግን አይዋሽም። በዚህ ሕግ መሠረት የግራና የቀኙን ድምፅ የሚያመጡትን ቀዩንና ነጩን ገመድ ቀያየሩ፤ ግራው ዝም። ስልክ ሰኩ፣ ሬዲዮ ከፈቱ፤ ግራው ዝም። ማዳመጫውን ከጎረቤት በተዋሱት ሌላ ማዳመጫ ለወጡ፤ ዝም። ልጅቷ አንዴ ልስማው ብላ እጇን ብትዘረጋ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ብሎ መለሰላት። እዚህ ቤት ለድምፅ ነገር ምስክር የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ማዳመጫው ላይ የተጻፈውን የግራና የቀኝ ምልክት ሳያይ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ አያውቅም፤ ሥርዓት ያለው ባለሙያ ነው። «በሽታው ሆዱ ውስጥ ነው» ብሎ ፈረደና ሪሲቨሩን በአንሶላ ጠቀለሉት።

ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ አንዱን ጫፍ እሱ አንዱን ጫፍ እሷ ይዘው ሲሄዱ፣ ከኋላቸው በግራ በኩል አንድ ጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋ፣ ደገመ፣ ሦስተኛውን ሳያነሳ ያዘው። አባትየው መሀል መንገዱን ይዞ ስለ ሪሲቨሩ ትራንስፎርመር ያወራል። ልጅቷ አንሶላውን ጎትታ ጥግ አስያዘችው። መኪናው ሲያልፍ ሹፌሩ ጭንቅላቱን አውጥቶ የማይደገም ነገር ተናገረ። «አየሽ የዛሬ ሹፌር» አለ አባትየው አንገቱን እየነቀነቀ፤ «ክላክስ እንኳ ማድረግ ነውር ሆነ።» አፈኛዋ ዞር ብላ አየችው። ጥሩምባውን ያልሰማው ሪሲቨሩ ከብዶት ነው ብላ አሰበች።

ጠጋኙን ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል። ሱቁ ከቁም ሣጥን ብዙም አትሰፋም፤ ግድግዳው ላይ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች፣ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ የገመድ ጫካ፣ ጠረጴዛው ላይ ብየዳ ያቃጠለው ጠባሳ። ዶክተሩ አባትየውን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። የድሮ መኪናውን፣ ሁሉም ተስፋ ቆርጦባት ሳለ፣ በዚያች ጆሮ ያዳናት ይህ ሰው ነው። በሽታውን ሰማ፣ ሁለት ስፒከር ሰካ፣ ከፈተ፤ ሁለቱም ሱቋን አናወጧት። አባትየው በስፒከር አይደለም አለ ቅር ብሎት፣ ማዳመጫው ላይ ነው። ዶክተሩ ማዳመጫውን አደረገ፣ ሰማ፣ አወለቀ፣ አየው፣ ደግሞ አደረገ። ከዚያ አባትየውን አየ። ከዚያ ልጅቷን አየ። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ «ልክ ነዎት ጋሼ፣ ግራው ደከም ያለ ይመስላል» አለ።

ጤነኛውን ሪሲቨር ፈታው። ምን ያድርግ፣ ለዚያች ጆሮ ተሳስተዋል አይባልም። አቧራውን በብሩሽ ጠረገ፣ አንድ የደረቀ በረሮ በክብር አወጣ፣ ማዞሪያዎቹ ውስጥ የማጽጃ ፈሳሽ ረጨ፣ ደህና የተበየደውን እንደገና በየደ። አባትየው ከላይ ሆኖ እዚያ ጋ፣ እዚያ ጋ እያለ ይመራዋል። ከበረሮው ጀምሮ ልቡ ሞልቷል፤ ጥፋቱ የበረሮው እንደሆነ ለልጁ ሁለት ጊዜ ነገራት። ተገጠመ፣ በራ፣ ማዳመጫውን አደረገ። ራሱን ነቀነቀ። ግራው የለም። ዶክተሩ ጨነቀው። በዘዴ፣ እንደዋዛ፣ ድምፁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያካፍለውን የባላንስ ማዞሪያ ይዞ ጨርሶ ወደ ግራ ጠመዘዘው፤ ያለው ድምፅ ሁሉ ወደ ግራው ይሂድለት ብሎ።

«አሁንማ ጭራሽ ቀኙንም ገደልከው!» አለ አባትየው።

ሱቋ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ሙሉ ጸጥታ ግን አይደለም። ሁለቱ መርፌዎች ብድግ ቁጭ ይላሉ፤ ከአባትየው የግራ ጆሮ ላይ፣ ከማዳመጫው ትራስ ሥር፣ ቀጭን ዘፈን እያመለጠ ይወጣል። ልጅቷ ትሰማዋለች። ዶክተሩ ይሰማዋል። በሩ ላይ የቆመ ባትሪ ገዢ እንኳ ይሰማዋል። ዘፈኑ የግራ ጆሮውን እያንኳኳ ነው፤ የሚከፍትለት ሰው የለም። ልጅቷ የጭነት መኪናውን ጥሩምባ አስታወሰች። «ተባረኪ»ውን አስታወሰች። ተጎትታ የተመለሰችውን ታክሲ አስታወሰች።  ዶክተሩ ማዞሪያውን ቶሎ ወደ መሀል መለሰና፣ ሲሞቅ ይስተካከል ይሆናል፣ ይዘውት ይሂዱ፣ ከእርስዎ ገንዘብ አልቀበልም አለ። አባትየው አንሶላውን ለማንሳት ሲያጎነብስ ዶክተሩ በግራ ትከሻው በላይ፣ ሳያንሾካሹክ፣ ለልጅቷ «ሪሲቨሩ ደህና ነው እህቴ፣ ሐኪም ቤት ውሰጂያቸው» አላት። አባትየው አንሶላውን እየቋጠረ ነበር፤ ቀና ሲል «ጨዋ ልጅ ነው» አለ። «ሙያው ግን ገና ነው።»

ቤት እንደገቡ ልጅቷ ማዕድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እናትየው ብርጭቆ ታጥባለች። ነገሩን ሁሉ ከጥሩምባው እስከ በረሮው አወራችላት፤ እናትየው እጇን ሳታቆም ሰማቻት። ስትጨርስም አልደነገጠችም፣ ደረቷን አልደቃችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን? ከመቼ ጀምሮ?»

«አንድ ቀን እናቱን ሰድቤ እግዜር ይስጥሽ ካለኝ ጀምሮ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን እናትየው የተናገረችው ብርጭቆውን እያየች ነው። መጀመሪያ ከፍቷት ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ ደስ አላት። ከተጋቡ ጀምሮ ሆዷ ውስጥ የከረመውን ሁሉ፣ የእህቱን ነገር፣ የተሸጠውን አልጋ ነገር፣ አንድም ቀን ደክሞሻል ወይ ብሎ አለመጠየቁን፣ በግራው በኩል እየቆመች አንድ ባንድ አወጣችው። ሳይቋረጥ የተሰማች ሴት ማለት እሷ ናት፤ አለመሰማቷ ሌላ ነገር ነው። ቤቱም ሰላም ሆነ። ታዲያ አሁን ምን ሊባል ነው? ጆሮህ ደንቁሯል ከተባለ የመጀመሪያው ጥያቄ «እስካሁን ምን ስትይኝ ነበር?» ነው። ልጅቷ የነገውን አውቶቡስ አነሳችባት። በዚያችው ጆሮ ሰምቶ ንጹህ ነው ይላል፣ አውቶቡሱ ሰው ጭኖ ይሄዳል፣ መንገድ ላይ ሞተሩ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ለጆሮው ብሎ ያስቀመጠውን ሰው ለምን ብሎ ያስቀምጠዋል? እቤት ነው የሚውለው። ከጠዋት እስከ ማታ፣ መስኮቱ ሥር። እናትየው የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች። «በይ አንቺ ንገሪው» አለች በመጨረሻ። «አፍ አለሽ አይደል።»

አፍስ አላት። ይዛው ወደ ሳሎን ገባች። አባትየው ሪሲቨሩን ቦታው መልሶ፣ ማዳመጫውን አድርጎ፣ እስኪሞቅለት ይጠብቃል። በቀኙ በኩል መጥታ ቆመች። «አባዬ» አለች። ምን ሆንሽ በሚል ዓይን አያት። ለፖሊስ መልስ የሰጠች፣ የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር ያስለቀሰች ምላስ ዝግጁ ነበረች። ሽማግሌ ፊቱ ላይ እንደ ልጅ ዓይነት ተስፋ ነበር፤ ሲሞቅ ይስተካከላል ተብሏልና። ንግግሩን ተወችው። እጇን ዘርግታ ማዳመጫውን ከጭንቅላቱ ላይ አነሳች፣ ፊትና ኋላውን አዞረች፣ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አድርጋ መልሳ ጫነችለት። «ቦታ ቀይሬልሃለሁ» አለች። «በሽታው ሄደ ወይስ እዚያው ነው?»

አባትየው ዓይኑን ጨፈነ። እንደ ሞተር አዳመጠው። በቀኝ ዘፈን፣ በግራ ጭጭ። ማዳመጫውን ራሱ አውልቆ ምልክቱን አየ፣ ራሱ አዞረው፣ ራሱ አደረገው። እንደገና አዞረው። ገመዱ ተለውጧል፣ ሬዲዮው ተለውጧል፣ ማዳመጫው ተለውጧል፣ በረሮው ወጥቷል። ያልተለወጠው ነገር ምን እንደሆነ ልጅቷ አልነገረችውም፤ ለአንድ ባለ ሙያ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። እሱ ሲያሰላ፣ ሲያሰላ፣ እየቆየ እጁ ወደ ግራ ጆሮው ሲሄድ አየችው። እጁ እዚያው ቀረ። እናትየው ማዕድ ቤቱ በር ላይ ፎጣ ይዛ ቆማለች።  ፍሪጁ ብቻ ያቃስታል።

አባትየው ተነሳ። ከቦርሳው ረጅሙን ካቻቪቴ አወጣ። ልጅቷ ሪሲቨሩን ሊወጋው ነው ብላ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ እሱ ግን አልፏት ወደ ጥግ ሄዶ ፍሪጁን ከግድግዳው አላቀቀና ከኋላው ተንበረከከ። የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳረፈ፣ እጀታውን እንደ ልማዱ ግራ ጆሮው ላይ ደገፈ። ቆየ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ የሰው ቤት እንደሚገባ ሰው እያፈረ፣ እጀታውን ወደ ቀኝ ጆሮው አዞረ። ፊቱ ተለወጠ። ቅንድቡ ተሰበሰበ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። የታመመችውን ነገር በስሟ ጠራት።

«ይሄ ፍሪጅ ኮምፕሬሰሩ ሊሄድ ነው» አለ ከኋላው ሳይወጣ። «ቆይቷል። እንዴት ሰው አይነግረኝም?»

«አይነግረኝም!» አለች እናትየው፤ የሰላሙ ዘመን ማለቁን ረሳችው። «ከክረምት ጀምሮ ጠዋት ማታ ስለፈልፍልህ!»

«በየት በኩል ሆነሽ?»

እናትየው ፎጣውን አጣጥፋ በሩ ላይ ሰቀለችው። አባትየው ከፍሪጁ ኋላ ወጣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ካቻቪቴውን ጠርጎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለክፍሉ፣ የግራው ብዙ ማገልገሉን፣ ስንት ሞተር እንደጮኸበት፣ ከዚህ በላይ ከአንድ ጆሮ መጠየቅ ግፍ መሆኑን አስረዳ። ቀኙ ግን ዕድሜ ልኩን ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ነው፤ ከነካርቶኑ እንዳለ ይቆጠራል። ነገ አውቶቡሱን የሚሰማው አዲሱ ነው። ሐኪም ቤት ከአውቶቡሱ በኋላ ይደረሳል። ለዶክተሩም ሪሲቨሩ ተሠርቷል በይው አላት ልጁን። «ቅር እንዳይለው።»

ከዚያ ወንበሩን አነሳ። ከመስኮቱ ሥር አውጥቶ ወደ ማዶ ወሰደው፣ ግራ ጎኑን ግድግዳው ላይ አስጠግቶ ተቀመጠ። አሁን ከማዕድ ቤት የሚመጣ ሰው በቀኝ ካልሆነ መምጫ የለውም። እናትየው የማታውን ሻይ ይዛ ወጣች፤ እግሯ በልማዱ ወደ ግራ ወሰዳትና ከግድግዳው ጋር ተፋጠጠች። ተመለሰች። ብርጭቆውን በቀኝ በኩል አስቀመጠች። በዚያ ጎን ምን እንደሚባል ስለማታውቅ ቆማ ቀረች፤ እሱም ይጠብቃታል። ሻዩ መቀዝቀዝ ጀመረ።

«በይ እንጂ» አላት በመጨረሻ። «ያላለቀ ነገር የለሽም?»

እናትየው አሰበች። የእህቱ ነገር ነበር። የአልጋው ነገር ነበር።

«ስኳር ልጨምርልህ?» አለች።

ልጅቷ ሳቋን የምትደብቅበት ብታጣ ጭንቅላቷን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከተተች። በሩ፣ ሲከፈት፣ ሲጢጥ አለ። አባትየው ቀኝ ጆሮውን ወደዚያ አዘነበለ። «ይሄ ቁም ሣጥን እንዲህ ይናገር ነበር እንዴ?» አለ። እናትየው ስኳሩን መጨመር ቀጠለች፤ ይበቃል እስኪላት ድረስ አላቆመችም፣ እሱም አላላትም።